ቤንዚን ቆጥቤ ሽማግሌ ቀቀልኩ

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። አንዱ እባብ ይፈራል፣ አንዱ አለቃውን፣ አንዱ ሚስቱን። እኔ ገና ሚስት ስላልነበረችኝ የምፈራው የነዳጅ ጌጁ ሥር ቦግ የምትለዋን ቢጫ መብራት ነበር። እሷ ስትበራ ሬዲዮኑን ሳይቀር አጠፋለሁ። "ኧረ ከበራችም በኋላ ብዙ ታስኬዳለች" የሚሉ ደፋሮች አሉ። እንዲህ የሚሉት ግን ሁልጊዜ በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሆነው ነው።

አትፍረዱብኝ። ማደያ ደጃፍ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ ተራው ሊደርስ ሦስት መኪና ሲቀረው "አልቋል፣ ተመለሱ" የተባለ ሰው ይገባዋል። ያ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ መኪናውን የሚነዳው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው።

በዚህ ላይ ኮልፌ ጋራዥ ያለው ወዳጄ ነገር ጨመረብኝ። አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ እያሳየኝ፣ "ይቺን ታያታለህ? የኤሲዋ ናት። ሞተሩ ላይ የተለጠፈች መዥገር በላት። አንተ ትቀዘቅዛለህ፣ እሷ ቤንዚንህን ትመጠምጣለች" አለኝ። ምን ያህል እንደምትመጠምጥ አልጠየቅኩትም። የፈራ ሰው ልኩን አይጠይቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረዶ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ነክቻት አላውቅም፤ አቧራ ስወለውል እንኳ ዙሪያዋን ነው የምወለውለው። ደግሞ ሌላው መጥቶ ክብደት ቤንዚን ይበላል ሲለኝ ክሪኩን ከነመፍቻው አውጥቼ ቤት አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ጎማዬ መሀል መንገድ ላይ ተነፈሰና፣ ክሪክ ልመና ከመኪና መኪና ስዞር ዋልኩ። ተማረ እንዳትሉኝ። ክሪኩ አሁንም አልጋዬ ሥር ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከሮማን ጋር ሁለት ዓመት ተዋደናል። የቀሩን አባቷ ብቻ ነበሩ። አቶ ዳምጤ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዱ ኖረው አሁን በጡረታ ሳንሱሲ የተቀመጡ ሰው ናቸው። እኔን በዓይናቸው አይተውኝ አያውቁም። ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከ አንድ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ አርፍደው ስለደረሱ አቶ ዳምጤ ከበር ላይ አመስግነው መለሷቸው፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። ሮማን ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። "አባባ ጋ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም" አለችኝ። እሷ ሳቀች፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ያችን እሑድ ካበላሸኋት ሮማንን አጣለሁ ማለት ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ሦስት ሽማግሌ አዘጋጀሁ። ዋናው ተናጋሪ አጎቴ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ንግግራቸውን በወረቀት ጽፈው ሳምንት ሙሉ አጥንተዋል። ሁለተኛው የነፍስ አባቴ አባ ገብረሥላሴ ናቸው። ሦስተኛው የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ሽፈራው፣ ደልደል ያሉ፣ የገቡበትን ቤት የሚሞሉ ሰው ናቸው። የሚያደርሳቸውም ሰው አላጣሁም፤ የአክስቴ ልጅ በራሱ መኪና ሊወስዳቸው ቃል ገብቶልኛል። በደንቡ አግቢው እዚያ ሰፈር ድርሽ አይልም። ሽማግሌውን ይልክና ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። እኔም ጥፍሬን አሳድጌ እየጠበቅኩ ነበር።

ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል የአክስቴ ልጅ ከማደያ ሰልፍ ላይ ደወለልኝ።

"ወንድሜ፣ ከፊቴ ያለው መኪና ተቆጥሮ አያልቅም። ትቼ ብመጣ መንገድ ላይ ያልቅብኛል፤ ብቆይ ደግሞ አልደርስም። የቱ ይሻልሃል?"

በስልክ የሚጠሩትን ታክሲዎች ሞከርኩ። አንደኛው ሳንሱሲ ስለው ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሁለተኛው "ቤንዚን የት እንዳለ ሰምተሃል?" ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ጋሽ ወልዴ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ደጅ የቆመችውን የእኔን ትንሽ መኪና አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"አንተው ትነዳለህ" አሉ።

"ጋሼ፣ ደንቡስ?"

"ደንቡ አግቢው አይሂድ ነው የሚለው። አንተ ዛሬ ሹፌር ነህ። ከመኪናው አትወርድም፣ ስምህን አትናገርም፣ አትስቅም።"

ለመሳቅ ያሰበ ሰው የለም። እኔ እያየሁ የነበረው ጌጁን ነው። ሩብ ሊሞላ ትንሽ ጎድሎታል። ሳንሱሲ ደርሶ መልስ፣ መንገዱ የተዘጋጋ፣ የተጫኑት ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ አቶ ሽፈራው። በልቤ ደመርኩት፣ ቀነስኩት፣ በየትም በኩል ብመጣ መጨረሻው ቢጫዋ መብራት ሆነብኝ።

ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ስንነሳ የግንቦት ፀሐይ አናታችን ላይ ቁጭ ብላለች። ጋሽ ወልዴ ከፊት፣ ሱፍ ልብስ ከነሰደርያው። ከኋላ አባ በጋቢ ላይ ካባ ደርበው፤ አጠገባቸው አቶ ሽፈራው፣ ለክብር ሲባል ከካፖርት ጋር። ገና ከማዞሪያው ሳንርቅ መኪናዋ ውስጥ ያለው አየር ወጥ ወጥ አለ።

"ኧረ ልጄ፣ መስኮት!" አሉ አቶ ሽፈራው።

መስኮቱን ከፈትኩ።

"ዝጋው!" አሉ አባ። "ላብ ላይ ንፋስ ከመታኝ ሳምንት እተኛለሁ። ማን ይቀድስልኛል?"

ዘጋሁ። አቶ ሽፈራው ቃተቱ። በጣም ትንሽ፣ ጣት የማታሳልፍ ያህል ከፈትኩ። አባ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ። ዘጋሁ። እንዲህ ስንከፍትና ስንዘጋ ጥቂት ከሄድን በኋላ አቶ ሽፈራው ብልሃቱን አገኙት።

"ኤሲ የላትም እንዴ ይቺ መኪና?"

"እሱማ ጥሩ ነበር" አሉ አባ። "ፊት ለፊት የሚመጣ ብርድ ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ከጎን ሰርቆ የሚገባው ነው።"

ጋሽ ወልዴም በጭንቅላታቸው ተስማሙ። ሦስት ሽማግሌ በአንድ ነገር ሲስማማ አይቼ አላውቅም፤ የቀረው የእኔ ጣት ብቻ ነበር። ጌጁን አየሁ።

"ተበላሽቷል" አልኩ።

የነፍስ አባቴን ዋሸሁ፤ ያውም ሚስት ሊጠይቁልኝ በሚሄዱበት መንገድ ላይ። በመስተዋቱ ሰርቄ አየኋቸው። አባ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁና "እግዚአብሔር ያስተካክልልህ" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አስኮ ስንቃረብ መንገዱ ጭራሽ ቆመ። የጋሽ ወልዴ ላብ ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው፣ ከአፍንጫቸው ወደ ጉልበታቸው ይንጠባጠባል። ንግግራቸውን አንዴ ልከልሰው ብለው ወረቀቱን አወጡ፣ በእርጥብ እጃቸው ጨበጡት፣ መልሰው በእርጥብ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ነገር ዓለሙ ሲሰለቻቸው ጣታቸውን ዘርግተው "ይቺ በረዶ የተሳለባት ደግሞ ምንድናት?" አሉና ጫን አደረጓት።

ብርዱ ፉፉ ብሎ ወጣ።

"ተሠራ!" ብለው ጮኹ አቶ ሽፈራው።

"ተመስገን!" አሉ አባ። "አሁን በልቤ እየጸለይኩ ነበር እኮ!"

ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ብርዱ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን የምሰማው ሌላ ነው። ሞተሯ ድምጿ ወረደ፣ ጎተት አለች፣ መዥገሯ ነቅታ መምጠጥ ጀመረች። የጌጁም መርፌ እያየኋት ዝቅ ያለች መሰለኝ። ምናልባት እውነት ዝቅ አላለችም። የቀረኝ ትዕግሥት ለሁለት ደቂቃ ብቻ በቃኝና፣ የተጨፈነ ዓይን ሳይገለጥ ቁልፏን ቀስ ብዬ መልሼ ተጫንኳት።

"ምነው?" አሉ አቶ ሽፈራው።

"እንደገና ተበላሸ።"

"አይ፣" አሉ አባ በትካዜ፣ "ጸሎቴ አጭር ነበር።"

በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላሁም፤ ቢያንስ መሬት ውስጥ ቤንዚን አይጠየቅም።

ለስምንት አምስት ጉዳይ ሲል ከአቶ ዳምጤ በር ደረስን። ባለማርፈዳችን ተጽናናሁ። ግን ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ከኋላ አየኋቸው። የጋሽ ወልዴ ሱፍ ጀርባው ላይ ጠቁሯል። አቶ ሽፈራው እንደ ሰከረ ሰው አጥሩን ይዘው ነው የቆሙት። አባ ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን ሸርተት ብሏል። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ፣ ተዘጋ።

ውስጥ የሆነውን እኔ አላየሁም። በኋላ ሦስቱም ለየብቻቸው፣ አንዱ ሌላውን እየከሰሰ ነግረውኛል። መቼም ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ "ተቀመጡ" ሲባል "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" ይላል። እህል ውሃም አይቀምስም። ክብሩም መሣሪያውም እሱ ነው። አቶ ዳምጤ "አረፍ በሉ እንጂ" ከማለታቸው አቶ ሽፈራው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ውሃ አንስተው በአንድ ትንፋሽ ከነጆጉ ጨረሱት። ጉዳዩ ሳይነገር ውሃው አለቀ። ጋሽ ወልዴ ነገሩን በንግግር ሊያድኑት ፈጥነው ወረቀታቸውን ዘረጉ። ቀለሙ በላብ ተቀላቅሎ "የተከበሩ" ከሚለው በቀር የሚነበብ የለም። "የተከበሩ" አሉ። ወረቀቱን ገለበጡት። እንደገና "የተከበሩ" አሉ። ሳምንት ያጠኑት ሁሉ በሙቀቱ ተንኗል። በመጨረሻ የመጣላቸውን ተናገሩ፤ "ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ መጠጥ አያበዛም፣ ደጅ የቆመችው መኪና እንኳ የራሱ ናት።"

እኔ በዚህ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ነኝ። ሰፈርተኛ እንዳያየኝ መስኮቱን ዘግቼ፣ አቶ ሽፈራው ረስተውት የወረዱትን ባርኔጣ ፊቴ ላይ ደፍቼ፣ መቀመጫው ላይ ተንሸራትቼ ተቀምጫለሁ። ሞተር አጥፍቻለሁ። ኤሲ የሚለው ሐሳብ መጣብኝ፣ አባረርኩት። "ገና መመለስ አለ" እያልኩ ራሴን እቀቅላለሁ። ድንገት የመስኮቱ መስተዋት ተንኳኳ። ባርኔጣውን ባነሳ አንድ ሸንቃጣ ሽማግሌ አጎንብሰው ያዩኛል። ዓይናቸው ቁርጥ የሮማን ዓይን ነው።

"ሹፌር! ና ግባ እንጂ" አሉኝ።

"ይቅርብኝ አባባ፣ እዚሁ ይሻለኛል።"

"እኔ ስንት ዓመት በሰው ደጅ የቆምኩ ሹፌር ነኝ። የኔ ደጅ ላይ የቆመ ሹፌር ሳይበላ ሄዶ አያውቅም። ውረድ።"

በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ምን ላድርግ? ገባሁ። ሳሎን ስደርስ ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው ሊወጣ ደረሰ፤ አቶ ሽፈራው ባዶውን ጆግ አቅፈው አቀረቀሩ። እጅ ልታስታጥብ ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? ሮማን። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች አየችኝና ድርቅ አለች። ከዚያ ውሃውን ከእጄ አሳልፋ እስከ ክርኔ ድረስ አንቆረቆረችው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ያገኘኋት ቅዝቃዜ እሷ ብቻ ናት፤ ደስ እንዳትለኝ ግን አቶ ዳምጤ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያያሉ።

"እኔ የምለው፣" አሉኝ እንጀራ እየገፉልኝ፣ "እነዚህን አባቶች ምን አድርገሃቸው ነው? ከመኪና ነው ያወረድካቸው ከወንዝ ነው ያወጣሃቸው?"

አባ በቅንነት ደረሱልኝ። "የሱ ጥፋት አይደለም፤ ኤሲው ተበላሽቶበት ነው። መንገድ ላይ ትንሽ ተሠርቶ ነበር።"

"ተሠርቶ ተበላሸ?" አቶ ዳምጤ እጃቸውን ጠረጉ። "ቁልፉን ወዲህ በል።"

ቁልፉን ሰጥቼ ተከተልኳቸው። መቀመጫው ላይ ተደላደሉ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ በረዶዋን ተጫኑ። ብርዱ ፉፉ ብሎ ወጣ። ዝቅ አደረጉት፣ ከፍ አደረጉት፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣሉ። አይቸኩሉም። መኪናዋ ቆማ፣ ኤሲው እስከ ጥግ ተከፍቶ፣ ቤንዚኔ በከንቱ ይነዳል፤ አማቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸውና "ያጥፉት" አይባልም። በዚህ መሀል ቢጫዋ መብራት ቦግ አለች። አቶ ዳምጤ መብራቷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይሠራል" አሉ።

"አዎ።"

"እና?"

"ቤንዚን ይበላል ሲሉኝ።"

"ይበላል። አይበላም ያለህ የለም። በረጅም መንገድ ስትበር መስኮት ብትከፍት ንፋሱ ራሱ ወደ ኋላ ይጎትትሃል፤ ያኔ ከኤሲው ብዙም አይሻልህም። ከተማ ውስጥ እየተንፏቀቅክ ከሆነ ግን መስኮት ይሻላል። መስኮት የሚያመው ሰው ከጫንክ ደግሞ ኤሲውን ትከፍትና ታቀዘቅዛለህ፣ ከዚያ ትቀንሰዋለህ። ቤንዚኑ ተርፎ ሰው ካለቀ ምኑን ቆጠብከው?"

ተመልሰን ስንገባ "ኤሲው ደህና ነው" ብለው ለሁሉም አሳወቁ። አባ ቀና ብለው አዩኝ፣ ረጅም ጊዜ። ቀጥሎ አቶ ዳምጤ ስለ ዋናው ጉዳይ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ "ሰምተናል። እኛም ቤተ ዘመድ አለን፤ እንነጋገርበታለን።"

በቃ። የምንመለስበትን ቀን አልቆረጡልንም። አግቢውን የወደደ አባት "ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ተመለሱ" ይላል። ቀን ያልቆረጠ ግን በትሕትና ሸኝቷል ማለት ነው። መኪናዋ ውስጥ ገብተን ጋሽ ወልዴ ይህንኑ ሲነግሩኝ ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። ሮማንን ለጥቂት ሊትር ሸጥኳት። እንባዬ መጣ፤ ላብ መስሎ ስለወረደ ማንም አላወቀብኝም።

"ስንት ጊዜ ዋሸኸኝ?" አሉ አባ ከኋላ።

"ሁለት ጊዜ፣ አባ።"

"እንግዲያው ንስሐህ ይኸው። ቤቴ እስክደርስ ክፈተው፤ እንዳትዘጋው።"

ከፈትኩት። መብራቷ በርታለች፣ ብርዱ ይነፍሳል። ቆይተው ጋሽ ወልዴ "አሁንስ በዛ፣ በረደኝ" አሉ፤ አባ "ንስሐ በግማሽ የለም" አሉ። አስኮን አልፈን ብዙም ሳንርቅ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል ብላ ጸጥ አለች።

"ተበላሸ እንዳትለኝ ብቻ" አሉ አቶ ሽፈራው።

"አለቀ" አልኩ። በዚያ ቀን ያለማመንታት የተናገርኩት እውነት ይህች ናት።

ገፍተን ጥግ አስያዝናት። ሦስት ሽማግሌዎች በካፖርትና በካባ አስፋልት ዳር ተሰልፈው ቆሙ። አላፊ አግዳሚው "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሰርግ ነው?" ይላል። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ያዞራሉ። እንዲህ ስንቆይ አንዲት ያረጀች መኪና ከኋላችን መጥታ ቆመች። አቶ ዳምጤ ወረዱ፤ በአንድ እጃቸው ጀሪካን፣ በሌላው ቀጭን የውሃ ጎማ።

"ጌጅህን ካየሁ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም" አሉ። "የቆመ ሹፌር አይቼ አልፌ አላውቅም። በስተርጅና አልጀምረውም።"

ጎማውን የራሳቸው ታንከር ውስጥ ከተው በአፋቸው ሳቡ። ቤንዚኑ አፋቸው ሲደርስ ወደ ጎን እንትፍ አሉና ጎማውን ጀሪካኑ ውስጥ ሰደዱት። እሳቸውም እንደኔው የተሰለፉበት ቤንዚን ነው። እኔ ልሳብ ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ። ጀሪካኑን ወደ እኔ መኪና ስንገለብጥ ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የሰው መኪና የሚነዳ ሹፌር ኤሲ ይከፍታል" አሉኝ። "ቤንዚኑ የሱ አይደለማ። የሚሳሳው ባለመኪናው ነው። ባለመኪናው ማን እንደሆነ ደግሞ አጎትህ ነግረውኛል።"

ቀና ብዬ ሳያቸው የጀሪካኑ አፍ ከታንከሩ ሊወጣ ሆነ።

"አታፍስሰው! ልጄ ክንድህ ላይ ያፈሰሰችው ውሃ ይበቃል።" ክዳኑን ራሳቸው ገጠሙት። "የዛሬ አሥራ አምስት ቀን መልሰህ ታመጣቸዋለህ፤ ደርቀው ይምጡ። ሮማን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ዝግ መኪና ውስጥ ሙቀት ያስመልሳታል። አንተ ይዘሃት ስትሄድ ኤሲውን እንዳታጠፋው።"

ይህን ብለው አንድ ጊዜ ትከሻዬን ጫን አደረጉና፣ እንትፍ እያሉ ወደ መኪናቸው ሄዱ። እኔ የታንከሩን ክዳን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ወልዴ እየሮጡ መጡ።

"ምን አሉህ?"

"ኤሲውን እንዳታጠፋው አሉኝ።"

"የኤሲውን ነገር ተወኝ አንተ ሰው! ስለ ልጅቷ ነው የምጠይቅህ፤ ስለ ልጅቷ ምን አሉ?"

"እሱኑ እኮ ነው የምነግርዎት፣ ጋሼ።"